ጠብታው ፒያኖው ውስጥ ነው፤ ጠርሙሱስ የት ነው?

[የመግቢያ ሙዚቃ፦ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ። ለጥቂት ሰከንድ ይሰማና ከድምፅ ሥር ዝቅ ይላል]

ዛሬ የምናወራው ፒያኖ ካለበት ቤት ስለማይጠፉ ትንንሽ ጠርሙሶችና ቆርቆሮዎች ነው። ቁልፍ አልመለስ ሲል ጠብ የሚደረግ ማለስለሻ አለ። ቆሻሻ የሚያስለቅቅ አልኮል አለ። አሮጌ ሙጫና ላካ የሚያሟሟ አሴቶንና ቲነር አለ። ቅባት የሚያጥብ የላይተር ቤንዚን አለ። ይሄን ሁሉ የት ነው የምታስቀምጡት?

«እኔ ፒያኖ የለኝም» ያላችሁ ደግሞ ጣቢያ አትቀይሩ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያላት፣ በሩን ቀለም ያስቀባ፣ የስፌት መኪና ያለው ሁሉ የዚህ ወሬ ባለቤት ነው።

[ሙዚቃው ይጠፋል]

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። ፒያኖ ምን ያህል ማለስለሻ ይፈልጋል? እስቲ ገምቱ። አንድ ሊትር? ግማሽ ሊትር?

[አጭር ዝምታ]

ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት። አንዱን ስትጫኑት ከኋላው ያሉት የእንጨት መገጣጠሚያዎች ተነሥተው መዶሻውን ወደ አውታሩ ይወረውሩታል። እነዚህ መገጣጠሚያዎች የሚዞሩት በቀጫጭን የብረት ዘንጎች ላይ ነው፤ ውፍረታቸው 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ዘንጉ የሚዞርበትን እንጨት በቀጥታ አይነካውም። በቀዳዳው ዙሪያ ቀይ የሱፍ ጨርቅ ተለጥፏል። እርጥበት ጠጥታ የምታብጠው፣ ዘንጉንም ጨምድዳ የምትይዘው ያቺ ጨርቅ ናት።

ባለሙያው ምን ያደርጋል? አፉ እንደ መርፌ የቀጠነ ትንሽ ጠርሙስ ያነሣል፤ ጫፉን ከዘንጉ ጎን፣ ጨርቁ ብቅ ያለበት ላይ ያስጠጋል፤ አንዲት ጠብታ ያሳርፋል። ጠብታዋ ለቅጽበት ታበራለች። ወዲያው ሱፉ ይጠጣታል። ባለሙያው መዶሻውን በጣቱ ወዲያና ወዲህ ያደርጋል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሥራው ይሄው ነው። ፒያኖው ውስጥ ያሉትን 400 የሚሆኑ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ቢያዳርስ እንኳ፣ ያ ሁሉ ጠብታ ተሰብስቦ የቡና ሲኒ ግማሽ አይሞላም።

እንግዲህ ግማሽ ሲኒ ለማይሞላ ሥራ አንድ ሊትር እንገዛለን። የተረፈውስ? የተረፈው ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር አንድ ቤት ያድራል። አደጋውን ያመጣው ፒያኖው አይደለም፤ ይሄ ትርፉ ነው። ስለዚህ የዛሬው የመጀመሪያ ነጥብ ቀላል ነው፦ ትንሽ ግዙ። ከትንሽ ጠርሙስ የሚያልፍ ሥራ ካለ ለባለሙያው ተዉት፤ የራሱን ይዞ ይመጣል፣ ይዞም ይሄዳል።

[የፒያኖ ድምፅ፦ አንድ ቁልፍ ተመትቶ እስኪጠፋ ይጠበቃል]

ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን የፒያኖ ባለቤቶች ታውቃላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሱፉም እንጨቱም እርጥበት ይጠጣል። ቁልፉ ይጎተታል፤ አንዳንዱም ተጭኖ ይቀራል። ያን ጊዜ እጅ ወዴት ይሄዳል? ወደ ስፌት መኪና ዘይት ይሄዳል፤ ወይም ለበር ማጠፊያ ወደተገዛው የሚረጭ ቅባት።

እባካችሁ! ዘይት ብረትን ከብረት ጋር ያለሰልሳል። ሱፍ ግን ዘይት ከጠጣ አይለቅም። አቧራ ይሰበስባል፣ እያደር እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ዘንጉንም አረንጓዴ ዝገት ያስይዘዋል። የሚረጨውማ የባሰ ነው፤ ያላሰባችሁበት ሁሉ ይደርሳል። አውታሮቹን ወጥረው የያዙት ከ200 በላይ መቃኛ ሚስማሮች በጠንካራ እንጨት ውስጥ ቆመው የሚቀሩት በሰበቃ ብቻ ነው። ያ እንጨት ዘይት ከጠጣ ሚስማሩ ይላላል፤ ዛሬ የተቃኘው ፒያኖ በማግስቱ ይወርዳል። ናፍጣም፣ ነጭ ጋዝም፣ የምግብ ዘይትም እንዲሁ፦ ፒያኖ ውስጥ አይገቡም።

በነገራችን ላይ ይሄ የሱፍ ጨርቅ ነገር ትልልቆቹንም አስቸግሯቸዋል። ስታይንዌይ የተባለው የኒውዮርክ ፒያኖ ሠሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ጨርቁን ትቶ በቴፍሎን ለወጠው። መቼም ቴፍሎን ከመጥበሻ ታውቁታላችሁ። ችግሩ ምን ሆነ? እንጨቱ ከወቅቱ ጋር ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ቴፍሎኑ ግን አብሮት አይሄድም። ከአንዳንዶቹ ፒያኖዎች ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጨርቁ ተመለሱ። እንግዲህ ጨርቁን ማክበር ነው እንጂ ሌላ መላ የለም።

[የሙዚቃ ማሸጋገሪያ፣ አጭር]

አሁን አንድ ነገር አብረን እንሞክር። አጠገባችሁ የእጅ ማጽጃ አልኮል ያለ ሰው አለ? በኮሮና ጊዜ የገዛነው ከየቤቱ አልጠፋም መቼም። ምድጃ ወይም ሻማ አጠገብ የሆናችሁ ተዉት፤ እኛን ብቻ ስሙ። ሌሎቻችሁ አንድ ጠብታ መዳፋችሁ ጀርባ ላይ አድርጉ። እፍ ሳትሉ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

[ዝምታ፣ ስድስት ሰከንድ ያህል]

ቀዘቀዛችሁ አይደል? አሁን እጃችሁን እዩት። አልኮሉ የት ሄደ? መሬት አልወደቀም፤ ቆዳችሁም አልጠጣውም ማለት ይቻላል። ተንኖ አየር ውስጥ ገባ። ሽታው አሁንም ይመጣችኋል።

ይሄው ነገር በተከፈተ ጠርሙስ አፍ ላይ ቀንም ሌሊትም ይካሄዳል። እሳት የሚይዘው ደግሞ ያ ተን ነው፤ ፈሳሹ ሳይነድ ተኑ ይቀጣጠላል። አሁን ዋናውን ነገር አድምጡኝ፦ የአሴቶን፣ የቲነርና የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። ወደ ጣራ አይወጣም። ከመደርደሪያው ወርዶ እንደ ፈሰሰ ውኃ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ በበር ሥር ያልፋል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይጠራቀማል። የከሰሉ ምድጃ የት ነው ያለው? ወለል ላይ! ቡና የሚፈላው፣ ዕጣን የሚጨሰው የት ነው? እዚያው ወለል ላይ። ጠርሙሱ ሳሎን፣ ምድጃው በረንዳ ላይ ስለሆነ «ተራርቀዋል» አትበሉ። ተኑ መንገዱን አያጣም። እሳት ካገኘ ደግሞ ነበልባሉ በመጣበት መንገድ ተመልሶ እስከ ጠርሙሱ ይደርሳል።

ምን ያህል ሙቀት ሲያገኝ ነው እሳት የሚይዝ ተን የሚሰጠው? ሁለት ምሳሌ ብቻ ልስጣችሁ። አሴቶን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሳይቀር ይሰጣል፤ ደብረ ብርሃን በኅዳር ውርጭ እንኳ እዚያ አይደርስም። አይሶፕሮፒል የሚባለው አልኮል ደግሞ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ይጀምራል። አዲስ አበባ በቀን ከዚያ ይሞቃል፤ ድሬዳዋንማ ተዉት። «ቀዝቃዛ ክፍል ነው ያስቀመጥኩት» ማለት እንግዲህ ያግዛል እንጂ አያድንም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ቀለል ያለ ስለሆነ ውኃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። እነዚህ ፈሳሾችም ሙቀቱ እኩል ከሆነ ከቆላው ይልቅ እዚህ ቶሎ ይተናሉ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የእሳት መያዣ ሙቀት የባሕር ጠለል አየር ታስቦ የተጻፈ ነው፤ እኛ ዘንድ በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ይላል። ወደብ ላይ የታሸገ ቆርቆሮም እዚህ ሲከፈት እስስ ብሎ ይተነፍሳል፤ አንዳንዴም ይረጫል። ፊታችሁን አርቁ፣ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አላሉት።

ታዲያ የት እናስቀምጥ? ከተቻለ ከመኖሪያ ክፍል ውጭ፣ አየር በሚገባበትና ፀሐይ በማያገኘው ዕቃ ቤት። በብረት ቁም ሣጥን ቢሆን ይመረጣል፤ ከታችኛው መደርደሪያ ይሁን፣ ቢወድቅ እንዳይሰበር። ታች ስለሆነ ግን በሩ ይቆለፍ፤ ልጅ አለና። ከቆጣሪ፣ ከማብሪያ ማጥፊያ፣ ከጄኔሬተር ይራቅ። ፍሪጅ ውስጥስ? ቀዝቃዛ ነው ብለው የሚያስገቡ አሉ። አይሆንም፤ የፍሪጁ ማብሪያና የሙቀት መቆጣጠሪያ ብልጭታ ይሰጣል፣ ተኑም ተዘግቶበት ይጠብቃል። ከመውጫ በርና ከደረጃ ሥርም አይሁን፤ እሳት ቢነሣ በየት ትወጣላችሁ?

ፒያኖው ውስጥስ? ቀጥ ብለው የሚቆሙት ፒያኖዎች የታችኛው ሰሌዳ ሲነሣ ሰፊ ባዶ ቦታ አላቸው። እዚያ ቲነር፣ ፎጣ፣ አንዳንዴም ያለቀ ሻማ ይገኛል። ጨለማ ነው፣ ማንም አይነካውም ተብሎ ነው። ደረቅ እንጨትና ሱፍ በሞላበት ሣጥን ውስጥ ቤንዚን ማስቀመጥ ግን ምን ይባላል? ያለ እሳትም ቢሆን ተኑ ላካውንና ሙጫውን ይጎዳል።

[የሙዚቃ ማሸጋገሪያ]

ወደ ክዳኑ እንምጣ። የላላ ክዳን ሁለት ጥፋት ያጠፋል ያልኩት... ገና አላልኩም ለካ! አሁን ልበለው። አንደኛው ጥፋት የወጣው ተን ነው፤ ስለ እሱ ተነጋግረናል። ሁለተኛው ጥፋት ውስጥ የቀረው ነው። ስለ ሁለተኛው ብዙም አይወራም።

የፒያኖ ማለስለሻ በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው፦ የሚያለሰልሰው ራሱ፣ እና ተሸክሞት ወደ ሱፉ የሚያስገባው ቀጭን ፈሳሽ። ተሸካሚው ሥራውን ጨርሶ ይተንናል፤ ማለስለሻው ይቀራል። ክዳኑ ላልቶ ከከረመ ግን ተሸካሚው ጠርሙሱ ውስጥ እያለ ይተንናል። የሚቀራችሁ ወፍራም፣ ጠብታው የማይሰርግ ነገር ነው። ዓምና ፒያኖውን ያዳነው ጠርሙስ ዘንድሮ ቁልፎቹን ያጣብቃል። ሰዉም «መድኃኒቱ ተበላሸ፣ ፎርጅድ ነው» ብሎ ሻጩን ይረግማል።

ሌላ ምሳሌ። ጨርቁ አለቅጥ ሲጠብቅ ባለሙያዎች ውኃና አልኮል ደባልቀው ይጠቀማሉ። ውኃው ሱፉን ያረጥበዋል፣ አልኮሉ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሲደርቅ ጨርቁ በዘንጉ ልክ ተደፍጥጦ ይቀራል። ክዳኑ ከላላ ቀድሞ የሚሄደው ማን ነው? አልኮሉ። የቀረው ውኃ ነው። እሱን በጠብታ ስታወርዱት እንጨቱ ያብጣል፣ ብረቱ ይዝጋል። በአልኮል የተሟሟ የሼላክ ቫርኒሽም እድሜ አለው፤ ከዓመት በላይ ከቆየ ተቀብቶ በደንብ አይደርቅም። ጠርሙሱ ላይ የተገዛበትን ወርና ዓመት ጻፉ። በእርሳስ ሳይሆን፣ ፈሳሹ ቢነካው በማይለቅ ነገር።

ስለዚህ ክዳኑ! ከተጠቀማችሁ በኋላ ሥራው ሳያልቅም ቢሆን ክደኑት። ለሥራ ትንሽ ቀንሱና ትልቁን ወዲያው መልሱ። መርፌ አፍ ያለውን ጠርሙስ ቆቡን አድርጉና ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ከተኛ ቀን በሙቀት ሲሰፋ ያንጠባጥባል።

[አጭር ዝምታ። ድምፅ ዝግ ይላል]

አሁን የምናገረውን እናቶችና አባቶች በተለይ ስሙኝ። ቲነር ከቀለም ቤት በምን ይገዛል? በሃይላንድ። የውኃ ሃይላንድ ይዘን እንሄዳለን፤ ሻጩ ይቀዳል፤ ቤት ይመጣል፤ መስኮት ላይ ይቀመጣል። ውኃ ይመስላል። ቀለሙ የውኃ ነው፤ ጠርሙሱም የውኃ ነው። ከሰዓት በኋላ ኳስ ተጫውቶ የመጣ ልጅ ምን ያደርጋል?

ይሄን መልሼ እናገራለሁ፦ አሟሚ ፈሳሽ በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥም። ለአንድ ቀንም፣ ለአንድ ሰዓትም። ከፋብሪካ በመጣበት ዕቃ፣ ከነጽሑፉ ይሁን። የፕላስቲኩም ነገር አለ፦ አሴቶንና ቲነር ሃይላንዱን ያለሰልሱታል፤ ነጩን የፎም ኩባያማ እያያችሁት ያቀልጡታል።

ልጅ ጠጥቶ ቢገኝስ? እንዲያስመልስ አታድርጉት። ሲያስመልሰው ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የከፋውን ጉዳት የሚያደርሰውም ያኔ ነው። ወተት እየጋታችሁ ጊዜ አታጥፉ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ፤ ሐኪሙ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። አንዳንዱ የኢንዱስትሪ አልኮል ሜታኖል አለበት፤ ጥቂቱ እንኳ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አዲስ አበባ ላይ እሳት ከሆነ 939። ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ደግሜ ልበለው፦ 907፣ 939።

[የሙዚቃ ማሸጋገሪያ]

ጎረቤት ማን ነው? ፈሳሾቹም ጎረቤት ይመረጥላቸዋል። በረኪናን ከአልኮልና ከአሴቶን ለዩ፤ ቢደባለቁ መርዛማ ነገር ይወጣቸዋል። የቢጫ ቁልፍ ማንጫ ብለው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚገዙም አሉ፤ እሱም ለብቻው፣ በሌላ መደርደሪያ።

የመጥረጊያ ጨርቁን ነገር ደግሞ እንዳንረሳ። ቲነር የነካ ቁራጭ ጨርቅ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ አይጣልም፤ ውጭ፣ እሳት በሌለበት ተዘርግቶ ይድረቅ። በተልባ ዘይት የተሠራ የእንጨት ማወልወያ ከተጠቀማችሁ ነገሩ ሌላ ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል። ጨርቁ ተጨባብጦ ጥግ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ማንም ክብሪት ሳይጭር ሊነድ ይችላል። ዘርጉት፣ ወይም ውኃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።

የማይነዱትስ? የቴፍሎን ዱቄትና ግራፋይት እሳት አይፈሩም፤ ብዙ ቦታም አይዙም። ለእኔ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ካለ እነሱ ይሻላሉ። ግራፋይት ያጠቁራል፤ ከነጭ ቁልፍና ከሱፍ አርቁት። የቴፍሎን ዱቄት የነካ እጅ ግን ሳይታጠብ ሲጋራ አይያዝ። ዱቄቱ በሲጋራው እሳት ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ብርድ ብርድ የሚል፣ ጉንፋን የመሰለ ትኩሳት ያመጣል። ከሰል ምድጃ ላይም አይራገፍ።

አሜሪካ ወይም ዱባይ ላለ ዘመድ «ስትመጣ የፒያኖ ዕቃ አምጣልኝ» የምትሉ ደግሞ ይህን ንገሩት፦ አሴቶን፣ ቲነር፣ የላይተር ቤንዚን በተሳፋሪ ሻንጣ አይገባም፤ በአውሮፕላን ክልክል ነው። ዱቄቱን ያምጣ። ፈሳሹን እዚሁ ፈልጉ። በመኪና የምትዞሩ ቃኚዎችም ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ለዕለቱ ሥራ የሚበቃውን ብቻ ያዙ።

የተረፈ ካለ? ፍሳሽ ውስጥ፣ ሽንት ቤት ውስጥ አይደፋም፤ ተኑ ቱቦ ውስጥ ይጠራቀማል። ለቀለም ወይም ለእንጨት ሠራተኛ ስጡት፤ ደስ ይለዋል።

እሳት ቢነሣስ? ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ከሆነ ክዳኑን ከጎን ገፋ አድርጋችሁ ድፉበት፤ አየር ካጣ ይጠፋል። ቤንዚን ላይ ውኃ አትድፉ፤ ቤንዚኑ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ይሰፋል። የዱቄት ማጥፊያ ወይም አሸዋ። ከዚያ ከፍ ካለ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፤ ፒያኖው ይቅር።

[የመዝጊያ ሙዚቃው ከሥር ይጀምራል]

ለዛሬ የቤት ሥራ አለን። ይህ ዝግጅት እንዳለቀ የቤታችሁን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አንሡ። ስም የሌለው የትኛው ነው? በሃይላንድ ያለውስ? ክዳኑ በጣት የሚዞረውስ? ያገኛችሁትን በጽሑፍ መልእክት ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት እናነበዋለን። ያን ቀን ደግሞ ብል የፒያኖን ሱፍ እንዴት እንደሚበላና ናፍታሊን ፒያኖ ውስጥ መክተት ለምን እንደማይመከር እንነጋገራለን። እስከዚያው ሰላም ሰንብቱ።

[ሙዚቃው ከፍ ይልና ያበቃል]